ቀስ በሉ

እኔ የሌሊት ሰው ነኝ፤
ፓርኩ ውስጥ፣ ከማሞቂያው ጎን፣ ግፊት ስለካ የማድር፣
ሐዋሳ ስትነቃ፣ ሰርቪስ ውስጥ እያንቀላፋሁ የምሻገር።
የጠዋትን ፀሐይ የማውቃት በመጋረጃ ቀዳዳ፣
በገዛ ቤቴ፣ ሲነጋ የምመጣ እንግዳ።

ዘሪቱ የድስቱን ክዳን እንደ እንቁላል ታስቀምጣለች፣
«ቀስ በሉ» ትላለች፣ «አባታችሁ ተኝቷል» ትላለች።
ምንታምር አፏን ሳትፈታ ሹክሹክታ ለመደች፣
እንደ ልጅ ሳትሮጥ በጣቷ ጫፍ ሄደች።
ዱካሞማ፣ የአያቱን ስም የወሰደው፣
(ያ አያቱ፣ ገበያ ዳር ቆሞ ሲጣራ ለኩ የሚሰማው)
እሱ፣ ሲያስነጥሰው እንኳ አፍንጫውን ይዞ ነው።

ዛሬ እሁድ።
አራት ሆነን፣ ለሦስት በተሠራ የባጃጅ ወንበር፣
በዘንባባው ስር አልፈን ወረድን እስከ ሐይቁ ዳር።
አሞራ ገደል አባ ኮዳዎቹ ቆመዋል፣ ክንፋቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣
እንደ ጡረተኛ ዳኞች፣ የዓሣውን አንጀት እንደ መዝገብ ገልጠው።
አንዱ ወጣት የቆሮሶ ቆዳ በጥርሱ ነክሶ ላጥ ሲያደርግ፣
ልጆቼ ሳቁ። ግን እንዴት ያለ ሳቅ፦
አፍ ተሸፍኖ፣ ትከሻ ብቻ የሚንቀጠቀጥ፣ ድምፅ የማያውቅ።

«አባዬ» አለኝ ዱካሞ፣ ጆሮዬ ስር ተጠግቶ፣
«ያ ወፍ ለምን መላጣ ሆነ?» እንደ ምስጢር፣ ፈርቶ።
እኔም በሹክሹክታ መለስኩለት።
ምን እንዳልኩት ረሳሁት፤ ድምፄን ግን አልረሳሁት።
ያኔ ገባኝ፣ ከደመወዜ ላይ ያልተጻፈ ተቀናሽ እንዳለ፣
በየወሩ ከልጆቼ ጉሮሮ ሲቆረጥ የዋለ።

ሀንካርሶ ጀልባው ላይ ጫነን፣ ጉማሬ አሳያችኋለሁ ብሎ፤
ቄጠማ አሳየን፤ አንድ ነጠላ ጫማም፣ ከቄጠማው ተንጠልጥሎ።
«እሁድ እነሱም ያርፋሉ» አለ።
ገንዘቡን ግን ሙሉ ተቀበለ።

ከሰዓት ታቦርን ወጣን፣
ዘሪቱ ጫማዋን አውልቃ፣ እኔ በየድንጋዩ እየቆምኩ፤
የማሞቂያ ግፊት ስለካ የራሴን መቼ ለካሁ።
በአንድ በኩል ሐይቁ፤ በሌላው የፓርኩ ጣሪያ፣ ተርታውን የተደረደረ።
«የትኛው ነው ያንተ?» አለች ምንታምር፤ ጣቷ አየር ላይ ቀረ።
«ያቻት፣ ጭስ የሚወጣባት።»
ብዙ አየቻት። ከዚያ፣ «ትንሽ ናት» አለች፣ «ትንሽ ናት።»
ሰባት ዓመት ሌሊቴን የበላች፣
ከታቦር ላይ ስትታይ የክብሪት ቀፎ አከለች።

ስልኬ ጮኸ። ኤርሲዶ ነው፣ የቀን ፈረቃው።
«ጋሼ፣ ቫልቩ እምቢ አለ፣ ግፊቱ ወጥቷል፣ ምን ይሻላል?»
ባለፈው እሁድ ዓሣው ሳይቀርብ ተነስቼ ሄጃለሁ።
ከዚያ በፊት ባለውም ሄጃለሁ።
«ቀዩን ዝጋ፤ አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ ይወርዳል።»
ስልኩን ዘጋሁት። እጄ ይንቀጠቀጣል።
ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ የኛ ቤት ወር በአሥራ ስምንት እንደሚያልቅ
ዘሪቱም ታውቃለች፣ ባለሱቁም ያውቃል።
ኤርሲዶ መልሶ ደወለ፦ «ወርዷል።»

«ጩኹ» አልኳቸው። ተያዩ።
«እዚህ የተኛ የለም፣ ጩኹ!» እናታቸውን አዩ።
መጀመሪያ የጮኸችው ዘሪቱ ናት። ቃል አልነበረም፤
ካገባኋት ወዲህ ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም።
ጦጣ ከዛፍ ዘለለ። ፎቶ የሚነሱ ተማሪዎች ዞረው አዩን።
ምንታምር ስሟን ጠራች፣ የራሷን፣ ሦስቴ፣ እንደጠፋ ሰው።
ከዚያ ዱካሞ፣ አያቱ በየት በኩል እንደገባበት እንጃ፣
እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ፣ አንገቱ ስሩ ተገትሮ፣
«አባዬ ነቅቷል!» አለ፣
ለሐይቁ፣ ለከተማው፣ ለክብሪት ቀፎዋ፣
«አባዬ ነ-ቅ-ቷ-ል!»

ወረድን። ዓሣ በላን። እሾህ ለቀምኩላቸው።
አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰርቪሱ ጥሩንባውን ነፋ፤
በሩ ላይ ቆመው ቻው ሲሉኝ፣ ድምፃቸው ሻክሮ፣ ሊጠፋ።
ነገ ሲነጋ ዘሪቱ «ቀስ በሉ» ትላለች።
ትበል፣ ልክ ናት፣ ሌላ ምን ትላለች።
እኔ ግን፣ ትራሴ ላይ ሆኜ፣
የክዳኑን መውደቅ እጠብቃለሁ።